ሐዘንተኛ ለጭፈራ ሲታዘዝ

በእኛ አገር ደብዳቤ የማያዝዘው ነገር የለም። መሰብሰብ በደብዳቤ ነው፣ መዝራት በደብዳቤ ነው፣ ማጨብጨብም እንዲሁ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ደብዳቤ አያስደነግጠኝም። አንብቤ፣ ፈርሜ፣ አጥፌ ኪሴ ከትቼ የረሳሁት ብዙ ነው። አምና በጥቅምት የመጣው ግን አልረሳ ብሎኛል። ጨፍር ይላል። እርግጥ በቀጥታ እንዲህ አይልም፤ ደብዳቤ መቼ በቀጥታ ተናግሮ ያውቃል? «በኪነት ሥልጠና ላይ ለአሥር ቀን እንድትሳተፍ ተመርጠሃል» ነው የሚለው። እኔ ያን ጊዜ ከል ለብሼ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ፣ ባለቤቴ ሴት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። በክረምት ከምንኖርበት ከሽንፋ መኪና አይወጣም። በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ መተማ ስንገሰግስ መንገድ ላይ አረፈች። የቃሬዛው አንዱ ጫፍ በእኔ ትከሻ ላይ ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አማቴ እማማ የሺ ልጅቷን ሊያሳድጉ ከዳባት ወረዱ፤ ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በእግር። ደገኛ ናቸው። የቆላውን ሐሩር እንደ ግል ጠላት ነው የሚያዩት። ማስተዋልን፣ ልጄን ማለቴ ነው፣ በፍየል ወተት ያሳድጋሉ፤ እኔ አያለሁ። ማየት ብቻ። አላቅፋትም ነበር። የያዝኩት ሁሉ የሚያመልጠኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እማማ ቆርጠው ነገሩኝ፦

«መንገዱ ሲደርቅ በመጀመሪያው መኪና ይዣት እሄዳለሁ። ያላቀፍካትን ልጅ ምን ብዬ ልተውልህ?»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የደጁን ጭቃ በጫማዬ እየረገጥኩ መለካት ጀመርኩ። ጭቃ ደረቀ ብሎ የሚተክዝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ወደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከል ለብሼ እንዴት ነው የምጨፍረው?»

ደብዳቤውን ደግሞ አነበበው። «ስለ ልብስ የሚለው የለም» አለኝ።

እማማም ሰሙ። «የልጄ ሙት ዓመት ሳይወጣ ትከሻህ ይነቃነቅና፣ መኪናም አልጠብቅ! በእግሬ ይዣት እወጣለሁ።»

ሥልጠናው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሰሊጥ ማሳ መሃል በተሠራ የሣር ዳስ ሥር ነበር። አሥራ አራት ሰዎች ነን። ዘጠኙ ገበሬዎች ናቸው፤ ሰሊጥ በሚታጨድበት፣ አንድ ቀን ከዘገዩበት በሚረግፍበት ወር ለጭፈራ የተጠሩ። ወሩን የመረጠው ሰው ሰሊጥን የሚያውቀው ዘይት ከሆነ በኋላ መሆን አለበት።

ከጎንደር የሚጠበቀው አሰልጣኝ አልደረሰም። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። በእግረኛ መልእክት ላከ፤ በደብዳቤ ነው እንግዲህ፦ «እስክደርስ ድረስ እርስ በርስ ተሰልጠኑ።» ወዲያው ከአሥራ አራት ሰው መሃል አሥራ ሦስት አሰልጣኝ ተገኘ። ከጎጃም የመጣው ሰፋሪ ተነሥቶ «ትከሻ ማለት እንዲህ ነው» ሲል፣ የወሎው «ይህማ ትንኝ ማባረር ነው» ይለዋል። የጎንደሮቹ በሁለቱም ይስቃሉ። ሦስት ቀን በክርክር አለቀ። እኔ ጥጉ ላይ ጆንያ አንጥፌ ተቀምጫለሁ። ስሜ ሲጠራ አቤት እላለሁ። ሌላ ተሳትፎ የለኝም።

በአራተኛው ቀን ነፋስ ተነሣ። ገበሬዎቹ ክርክሩን ጥለው ወደ ማሳው ሮጡ፤ እኛም ተከተልን። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ እንዲደርቅ ይቆማል። ይህን ክምር ሂላ እንለዋለን። ብቻውን የቆመ ነዶ ይወድቃል፤ ከወደቀ ፍሬው የመሬት ነው። ያዘነበሉትን ሂላዎች ስናቃና ዋልን። ወደ ዳሱ ስንመለስ ከድካም የተነሣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን ተዘረፈጥን።

አያ ፈንታ የሚባሉ፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ ገበሬ፣ አዩንና ከት ብለው ሳቁ።

«እናንተ! ሂላ ሆናችሁ እኮ! ከዚህ ወዲያ ምን ጭፈራ ትፈልጋላችሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ተነሥ።»

«አያ ፈንታ፣ ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ማን ጨፍር አለህ? ቁም ነው ያልኩህ። በመቆም የሚፈርስ ሐዘን የለም። ሂላ መጀመሪያ የሚቆም አንድ ነዶ ይፈልጋል።»

ቆምኩ። አያ ፈንታ ዞረው ጀርባቸውን ጣል አደረጉብኝ። እኔ ሸሸሁ። ሽማግሌው አቧራው ላይ ተዘረጉ።

«አረገፍከኝ!» ብለው ጮኹ። «የዓመት ሰሊጤን አረገፍከው፣ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዬ ስለነበር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከሠልጣኞቹ አንዷ፣ የጤና ረዳቷ አለሚቱ፣ መጥታ አሳየችኝ። «መምህር፣ የሚደገፍህን ሰው አትሽሽ፤ አትግፋውም። ጉልበትህን ትንሽ እጠፍና ክብደቱን ወደ መሬት አውርደው።»

በቀሩት ቀናት የሠራነው ይህንኑ ነው። የተቆረጠ እርምጃ የለውም። አንዱ ያዘነብላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የተቀበለው ደግሞ ዞሮ በሦስተኛው ላይ ያርፋል። ወንድና ሴት መደጋገፉ መጀመሪያ ላይ አሳፈረን። አያ ፈንታ «ነዶ ወንድና ሴት የለውም» ብለው ዘጉት። ጎጃሜውና ወሎዬው ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ስለ ትከሻ መከራከራቸውን ቀጠሉ፤ አልወደቁም። እኔ መሃል ነኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል። ይሁን። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ አሥራ ሦስት ሰው ከየአቅጣጫው ከተደገፈህ፣ መውደቅ ብትፈልግም አትችልም።

በአሥረኛው ቀን አሰልጣኙ ደረሰ። ጭቃው ደርቋላ! ያመጣው መኪና በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ይመለሳል። ይህን የሰሙት እማማ የሺ ጓዛቸውን ቋጥረው፣ ልጄን በአንቀልባ አዝለው ከዳሱ ደጅ ቆመዋል። ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ነው።

የተለማመድነውን ለአሰልጣኙ አሳየነው። እንደ ሂላ ቆምን፣ አዘነበልን፣ ተቀባበልን። ማንም አልረገፈም። አሰልጣኙ ማስታወሻውን ዘጋ።

«ይህ ጭፈራ አይደለም!» አለ። «ትከሻ የለ፣ አንገት የለ፣ ጭብጨባ የለ። ሰው ተደጋግፎ ከመቆም በቀር ምን ተሠራ?»

አሥራ አራታችንም አንገታችንን ደፋን። እማማ ግን ሰው ገፍተው ወደ ፊት ወጡ።

«ጌታዬ፣ ጭፈራ አይደለም ነው የሚሉት?»

«በፍጹም አይደለም፣ እናቴ።»

«በሰው ፊት ይድገሙልኝ።»

ደገመላቸው። እማማ አንቀልባውን እየፈቱ ወደ እኔ መጡ።

«አሥራ ሦስት ጎረምሳና ሽማግሌ ችለህ አንዲት ፍሬ ልጅ ያቅትሃል? በል ያዝ፣ ወገቤ ተቆረጠ።»

ልሸሽ ነበር። ጉልበቴን ትንሽ አጠፍኩና ክብደቷን ወደ መሬት አወረድኩት። ክብደት እንኳ አልነበራትም። የፍየል ወተት የፍየል ወተት ትሸታለች። አፍንጫዬን በጡጫዋ ያዘችና አልለቅ አለች።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። «እማማ፣ ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም?»

«ሂድ ልጄ» አሉት እማማ። «መንገዱ ገና አልደረቀም።»

መኪናው አቧራውን እያቦነነ ሄደ።

ይኸው ዓመቱ ሞላ፤ ከሉንም አወለቅሁ። እማማ እንደ ወትሮው ሐሩሩን እየረገሙ፣ ሰሊጡ ሲገባ እሄዳለሁ ይላሉ። የትኛው ዓመት ሰሊጥ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የኪነት ቡድናችን እንዳላለፈ በደብዳቤ ተነገረን፤ «ተሳታፊዎቹ ምንም ዓይነት ጭፈራ አላሳዩም» ይላል። ደብዳቤውን ልጥለው ስል እማማ ቀሙኝ። ማንበብ አይችሉም። ነገር ግን ከጎረቤት አንዱ «አማችዎ በሐዘኑ ጨፈረ አሉ» ያላቸው እንደሆነ፣ ከትራሳቸው ሥር ያወጡና ማህተሙን ያሳያሉ።