ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ድምፅ

በየሰፈሩ አንዲት የቆመች መኪናና አንድ የማይቆም ሽማግሌ አሉ። እነዚህን ሁለቱን ያልታደለ ሰፈር ካለ፣ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ጠዋት በዚያ ስታልፉ ኮፈኗ ተከፍቷል፤ ከወገቡ በላይ መኪናዋ የዋጠችው፣ ከወገቡ በታች ያረጀ ሱሪ የለበሰ ሰው ይታያችኋል። ማታ ስትመለሱም እዚያው ነው። ሰላም ስትሉት ቀና ብሎ አያያችሁም፤ ከኮቴያችሁ ለይቶ በየስማችሁ ይመልስላችኋል።

የእኛ ሰፈር ባለ ማዕረግ ሊቀ ብሎናት ጋሽ ትንሽናት ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። መኪናዋ ምን ብትሆን፣ ጭስ ብትተፋ፣ ዘይት ብታነባ፣ በሯ ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቢቀር፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ትንሽ ነገር ናት" ይላሉ። አንዴ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸው የልብስ ሰፊውን አጥር ጥሰው ገቡ። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ክው ብሎ ቢያያቸው፣ በመስኮት ብቅ ብለው ያሉት ይህንኑ ነው። አጥሩን ራሳቸው መልሰው አቆሙት። ከድሮው ዘመም ይላል እንጂ እስከ ዛሬ አልወደቀም።

መኪናዋን "እሜቴ" ነው የሚሏት። በዕድሜ ከበኩር ልጃቸው ትበልጣለች። ቀለሟ ምን እንደነበረ እስካሁን ሊቃውንት አልተስማሙም። ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቢፈለግ የቀረው ክላክሱ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የሚጮኸው ደስ ሲለው ነው። ሌላው ሁሉ የጋሽ ትንሽናት ፈጠራ ነው። ጡረታ መለዋወጫ አይገዛምና የሚያስፈልገው ከቤት ይወጣል። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ሲያፈስ በልብስ ሳሙና ተደፈነ። መቀመጫዋ የቆመበት ብረት የአልጋ እግር ነበር። እትዬ፣ ማለትም ባለቤታቸው፣ ወንፊት ሲጠፋባቸው ኩሽና ውስጥ አይፈልጉም፤ በቀጥታ ሄደው ኮፈኑን ይከፍታሉ።

እትዬ እሜቴን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። "ጣውንቴ" ነው የሚሏት። "ጣውንቴ ዛሬ እንዴት አደረች? የኔን አዳርማ ማን ይጠይቃል!" ይላሉ ጠዋት ጠዋት። ሲብስባቸው ደግሞ ለጎረቤት ይናገራሉ። "በሰው ላይ ወጣት ጣውንት ይመጣበታል። በኔ ላይ ዝገት!"

ጋሽ ትንሽናት ማርጀታቸውን የሚያምኑት በመኪና ቋንቋ ብቻ ነው። ሐኪሙ ጉልበታቸውን እየነካካ "ምን ይሰማዎታል?" ቢላቸው፣ "ኩሽኔታው አልቋል መሰለኝ፤ ስዞር ይንቋቋል። ግሪስ ብጤ ካለህ ቀባባልኝና ልሂድ" አሉት። መኪና ሥር መግባት ዛሬም ይችሉበታል። መውጣቱ ነው የቸገራቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገቡ ወገባቸው ያዛቸው። ጎረቤታቸው መምህሩ ሲያልፍ እግራቸውን አይቶ "በርቱ ጋሼ!" አለ። "እንበረታለን!" አሉ ከሥር። ልብስ ሰፊውም አለፈ። "አይደክሙም እርስዎስ!" አላቸው። "ምን ድካም አለው!" አሉ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲህ እየመለሱ፣ አንዱን እንኳ "ጎትተህ አውጣኝ" ማለት ሞት ሆነባቸው። በመጨረሻ እትዬ መጥተው ሁለት እግራቸውን ይዘው ሳቧቸው።

"ምነው ተጣርተህ ቢሆን?"

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"ማንኮራፋት ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? እሱን ሰምቼ እኮ ነው የመጣሁት!"

ጆሯቸው ላይ ግን ቀልድ የለም። የሰፈሩ ታክሲ ነጂዎች ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት በራቸው ላይ አቁመው ሞተር ያስነሳሉ። ጋሽ ትንሽናት ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆዩና "ሁለተኛዋ ካንዴላ ናት፤ ሌላ ነገር አለ ካሉህ እንዳትሰማቸው" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ማመስገኛ የሚሆን ነገር ሲሰጧቸው ይቆጣሉ። "ሰማሁ እንጂ ምን ሠራሁ?" ነው መልሳቸው። ሰፈሩ በብዙ ነገራቸው ይስቃል፤ በጆሯቸው ግን ይኮራል።

አንድ ጠዋት እሜቴን አስነስተው ሲያዳምጡ ፊታቸው ተለወጠ። ሲሲሲ የሚል ቀጭን ድምፅ። የወባ ትንኝ ከሞተሩ ውስጥ የገባች ይመስላል። እትዬን ጠሩ።

"እኔ ምንም አይሰማኝም" አሉ እትዬ።

"አንቺ ደሞ መቼ ሰምተሽ ታውቂያለሽ!" አሉና መምህሩን አስጠሩት።

መምህሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆየ። ምንም የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጆሮ ያላቸው ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ቆመው "ሰማኸው አይደል?" ሲሉት፣ "ኧረ እኔስ" ብሎ ማሳፈር ከበደው። ይሉኝታ ያዘው። "አዎ ጋሼ፣ ስስ ነገር አለች። ከፊት በኩል ትመስለኛለች" አለ። ልብስ ሰፊው ተከተለ። መምህሩ የሰማውን እሱ ሳይሰማ ሊቀር ነው? "በደንብ ነዋ! ግን ከኋላ ነው" አለ። ባለሱቋ ከታች ነው የሚመጣው አለች። ታክሲ ነጂው ከሁሉም በለጠ። "ቤቴ ድረስ ይሰማኛል ጋሼ፤ እንቅልፍ ነስቶኛል" አላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ድምፁን ያልሰማ የሰፈር ሰው ጠፋ። ልብስ ሰፊው ቤት ሲገናኙ ግን "እውነት አንተ ሰማህ?" "እኔ? ኧረ ምኑን!" ይባባላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጋሽ ትንሽናት ዘንድ የደረሰ ወሬ የለም። እሳቸው የተሰጣቸውን ምስክርነት ይዘው ሥራ ላይ ናቸው። ከፊት ሲባል የፊቷ ተፈታ፣ ከኋላ ሲባል የኋላዋ፣ ከታች ሲባል ጎማዎቿ ወልቀው በድንጋይ ላይ ቆመች። ዲናሞው አበባ መደቡ ላይ ተጋደመ። ራዲያተሩ በረንዳው ላይ ተደገፈ። የሹፌሩ መቀመጫ ዝናብ እንዳይመታው ሳሎን ገባ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው "ይኸው ጣውንቴ ጓዟን ጠቅልላ ገባች" አሉ።

ምሳ ላይ ነበሩ። ጋሽ ትንሽናት ማንኪያቸውን አንስተው ቀጥ አሉ። "ይኸው! ይኸው አሁን! አሁንም አልሰማሽም?"

እትዬ በተከፈተው በር ወደ ግቢው አዩ። የእሜቴ የሆድ ዕቃ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቷል። ሊጮህ የሚችል አንድም ነገር አልቀረላትም። ጋሽ ትንሽናትም የእትዬን ዓይን ተከትለው ወደዚያው አዩ፤ ከዚያ ማንኪያውን ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት።

እትዬ ሊስቁ ነበር። ግን ተዉት፤ የባላቸው እጅ ወደ ጆሯቸው ሲሄድ አይተዋልና። ደፈኑት፣ ከፈቱት፣ መልሰው ደፈኑት።

"ከኔ ነው" አሉ ጋሽ ትንሽናት። "የሚጮኸው ከኔ ነው።"

እትዬ "ትንሽ ነገር ናት" ሊሏቸው አሰቡ። ግን ሳህኑን አንስተው ኩሽና ገቡ።

ሐኪሙ ጆሯቸውን አይቶ፣ መርምሮ፣ ዕድሜ ነው አለ። መስማታቸው ቀንሷል፤ ጩኸቱም አብሯቸው ይኖራል፤ ይለምዱታል። ጋሽ ትንሽናት "መለዋወጫ የለውም?" አሉ። ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ሳሎን ውስጥ፣ እዚያው የሹፌር መቀመጫ ላይ ዋሉ። ታክሲ ነጂዎች መጥተው ሞተር ሲያስነሱ "ጋራዥ ውሰደው ልጄ" ይሏቸዋል። ጢማቸውን መላጨት ተዉ። የተፈታው ብረት ጤዛ ሲወርድበት እያዩ አልሸፈኑትም። አንድ ጠዋት "ብረት ገዢውን ጥሪልኝና ይውሰዳት" አሉ። ልጃቸው በስልክ ሲሰማ "እሰይ አባዬ፣ ተገላገልክ!" አለ።

እትዬም እሰይ ማለት ነበረባቸው። ስንት ዘመን የለመኑት ቀን ነው። ግን ሰውዬው ሞተር በሌለው መቀመጫ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው ሲያዩአቸው ደስታው ጠፋ። ጣውንታቸው ከግቢው ስትወጣ ባላቸውም ተከትለዋት እንዳይሄዱ ፈሩ። አብሮ መጨቃጨቅ የለመደ ሰው ብቻውን ዝም ማለትን እንዴት አድርጎ ይችለዋል?

ብረት ገዢው ጋሪውን ይዞ መጣ። እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው መሀሉ ላይ ቆሙ።

"የሚሸጥ ብረት የለንም።"

"እንዴ እማማ! ይኸው ግቢው ሙሉ አይደል እንዴ?"

"እሱ ብረት አይደለም፤ የታመመ ሰው ነው። ሂድ ልጄ።"

በሩን ዘግተው ሳሎን ገቡ። "ተነስ!" አሉ። "ይሄን ጉድ ከግቢዬ አንሳልኝ። መሸጥህ ካልቀረ ገጥመህ ትሸጣታለህ። እንዲህ ተበታትና ያየ ሰው ሰርቀን የፈታናት ነው የሚመስለው።"

ጋሽ ትንሽናት ከሚስታቸው ጋር መከራከር የሚያዋጣበትን ቀን ያውቃሉ። ይህ ቀን አልነበረም። እያጉረመረሙ ወጡ። እጃቸው ግን አልረሳም፤ ብሎኑን ዓይናቸው ሳያየው ቦታውን ያገኛል። ያ ሁሉ ምስክር በየተራ ብቅ አለ። መምህሩ ጎማ ተሸከመ፣ ልብስ ሰፊው ክሪክ ያዘ፣ ባለሱቋ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣች። ስለ ድምፁ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጋሽ ትንሽናትም አልጠየቁም። ታክሲ ነጂው ራዲያተሩን ይዞ ሲመጣ ብቻ ቀና ብለው አዩት።

"አሁንስ እንቅልፍ ይወስድሃል?" አሉት። ታክሲ ነጂው ራዲያተሩን እግሩ ላይ ሊጥለው ምንም አልቀረው።

ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ሞተሩን አስነሱ። እሜቴ ተንፈራግጣ ተነሳች። ጋሽ ትንሽናት አጎንብሰው አዳመጡ፤ ጆሯቸውን አዙረው በሌላውም ሞከሩ። ከዚያ እጃቸውን ከመኪናዋ ላይ አነሱ።

"መነሳቷን አውቃለሁ" አሉ ለራሳቸው። "የምትለው ግን አይገባኝም።"

"ልክ አይደለችም" የሚል ድምፅ ከኩሽናው በር መጣ። እትዬ ናቸው፤ እጃቸው ላይ የሳሙና አረፋ አለ።

"ምን አልሽ?"

እትዬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ልክ አይደለችም ነው የምልህ! ፊት ሁለቴ ኩፍ ኩፍ ትልና ጉሮሮዋን ጠርጋ ነው የምትረጋው። አሁን የሆነ ነገር ይተናነቃታል።"

ጋሽ ትንሽናት ትንሽ ግራ እንደተጋቡ ካቡራተሩ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ ዞር አደረጓት። "አሁንስ?"

"ተሻላት። ጨምር። ጨምር... ኧረ በዛ! መልስ። ቆይ፣ ቆይ፣ ይኸው! አሁን እሷ ናት።"

ጋሽ ትንሽናት እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ ሚስታቸውን አዩ። አብረው ካረጁ ወዲህ እንዲህ አይተዋቸው አያውቁም።

"ማን አስተማረሽ ይሄን?"

"ማን ያስተምረኛል!" አሉ እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። "ያቺ ጣውንቴ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ሰምቼ አይደል ድስት የምጥደው? ያመሸህ ቀን መስኮት ላይ ቆሜ ከስንት መኪና መሀል እሷን ለይ ብትለኝ እለያለሁ። ስትደክም አውቃለሁ፣ ስትናደድ አውቃለሁ። ጆሮዬን ጥላ መቼ ሄዳ ታውቃለች?"

"እና መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ምን ትላለች?"

እትዬ እንደ ልጃገረድ አፈሩ። መልሱን ወደ ኩሽናው በር ዞረው ነው የተናገሩት፤ ግን እንዲሰማቸው አድርገው፣ ጮክ ብለው።

"ምን ትላለች! 'መጣሁልሽ' ነዋ የምትለው።"

ጋሽ ትንሽናት ያልላላ ብሎን ፈልገው ማጥበቅ ጀመሩ፤ እሱን ለመጨረስም ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።