አባባ፣ እስቲ እንደገና ይግቡ

ቪዲዮ ካሜራ የገዛ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የሚባል ነገር የለውም። እናንተ ሐይቅ ዳር ጋደም ብላችሁ የተጠበሰ ዓሣ ስትጠብቁ፣ እሱ ባትሪ የሚሞላበት ሶኬት ሲፈልግ ታገኙታላችሁ። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ሰውየው እኔ ነኝ።

ካሜራውን ያገኘሁት ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲወረድ ካለች ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ነው። ትከሻ ላይ የሚሸከሙት፣ ትልቁን የቪዲዮ ካሴት እንዳለ የሚውጥ ዓይነት ነበር። ያኔ በስልክ መቅረጽ የሚባል ነገር አልመጣም። ልደታ ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ ከአልጋው ቀጥሎ ትልቁ ንብረታችን እሱ ሆነ።

ያን ዓመት ፈቃዴን ስወስድ ባለቤቴ ሰብለ አባቷን ይዘን አዋሳ፣ እህታቸው ቤት ሦስት ቀን እንድንቆይ ወሰነች። አባቷ ጋሽ ወልዴ አብነት ሰፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ከታናሽ እህታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር ግን ሃያ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። እትዬ ዘነበች ሲያገቡ ጋሽ ወልዴ ባልየውን አልወደዱትም፤ ሰርጉ ላይም ሳይገኙ ቀሩ። ባልየው ካረፈ ወዲህ በሰው በሰው ሰላምታ መላላክ ተጀመረ። በመጨረሻም እትዬ ዘነበች «እንግዲህ ይምጣ» አሉ።

አስቡት እንግዲህ። ሃያ ዓመት የተኳረፉ ወንድምና እህት ሊገናኙ ነው፤ እኔ ደግሞ ካሜራ አለኝ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ማሰናዳት ጀመርኩ። ካሜራው፣ ሁለት ባትሪ፣ ሁለቱም ቢያልቁስ ብዬ ከጓደኛዬ የተዋስኩት ሦስተኛ ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ኤክስቴንሽን፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ መብራት፣ ስድስት ካሴት፣ ዝናብ ቢመጣ ደግሞ ጃንጥላ። ጃንጥላው ለካሜራው ነው።

«የእኔ ልብስ የት ይግባ?» አለች ሰብለ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት ቀሚስ።»

«ቡናማው ይቅር። ቪዲዮ ላይ ጎልቶ አይወጣም።»

ዝም ብላ አየችኝ። የሰባት ዓመት ባለትዳር ይህን ዝምታ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልሰማሁትም። ራሴም መሥዋዕትነት ከፍያለሁ፤ ከለበስኩት ሸሚዝ ሌላ አልያዝኩም። ካሜራው እንዳይመታ በሁለት ፎጣና በሰብለ ሹራብ ጠቅልዬ ከሥር አስቀመጥኩት፤ ሌላውን ሁሉ ከላዩ ደረደርኩበት። ባለሙያ እንዲህ ነው የሚያሽገው ብዬ ራሴን በጣም አደነቅሁት።

በማግስቱ አውቶቡስ ተራ፣ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጭነው ሰውዬ በጆንያ የጠቀለልኩትን ማቆሚያ ዳበሰ።

«ይሄ መሣሪያ ነው እንዴ?»

«የካሜራ እግር ነው።»

«ካሜራው የት ቀርቶ ነው እግሩ ብቻውን የሚጓዘው?»

ሰብለ ከዋዜማው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጋሽ ወልዴ መንገዱን ሙሉ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያዞሩታል፣ ያዞሩታል። አዋሳ ደርሰን ከእህታቸው አጥር በር ላይ ስንቆም ኮፍያቸውን አንዴ ያጠልቁታል፣ አንዴ ያወልቁታል።

«አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣ አባባ» ብዬ ሻንጣውን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ጃንጥላው ወጣ፣ መብራቱ ወጣ፣ ኤክስቴንሽኑ ወጣ። ካሜራው ላይ የተጠመጠመውን ሹራብ እየፈታሁ ሳለ በሩ ተከፈተ። ቀና ስል ሁሉም ነገር አልቋል። ሰብለ እንደነገረችኝ ከሆነ «እንደምን ከረምሽ»፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ተጨባብጠዋል። በቃ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እስቲ ወጥተው እንደገና ይግቡ።»

ጋሽ ወልዴ የሰው ሥራ ያከብራሉ። ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ ግን እንደ ጉርድ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብለው ካሜራውን አዩ፤ እህታቸው እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ።

«እኔን አይዩኝ፤ እሳቸውን ነው የሚያዩት» አልኩ። እሳቸውም ለሦስተኛ ጊዜ ሊገቡ ወጡ።

ዘገዩ። እትዬ ዘነበች ጠብቀው ጠብቀው በሩን ሲከፍቱ ወንድማቸው ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወንድም ጋሼ፣ አትገባም?»

«ስንት ጊዜ ልግባ? እንዲህ እንደምመላለስ ባውቅ ያኔ ሰርግሽ ላይ አንዴ መጥቼ እገላገል ነበር።»

እትዬ ዘነበች ደንገጥ ብለው አዩአቸው። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀምጠው አንገታቸውን አቀፏቸው። ጋሽ ወልዴም ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ሰብለ አለቀሰች። እኔም ላለቅስ ነበር፤ ካሜራው ይነቀነቅብኛል ብዬ ተውኩት። ሲጨርሱ ቁልፉን ተጭኜ፣ ሌንሱን ከድኜ፣ ካሜራውን ሳሎን ጥግ አስቀመጥኩና ወንድምና እህቱን እዚያው ትተን ከሰብለ ጋር ዓሣ ልንገዛ ወጣን።

አዲስ አበባ በተመለስን በሳምንቱ ጋሽ ወልዴን ጠርቼ ካሴቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ መሬት ታየ። ቀጥሎ ጫማዬ። ጫማዬ ረዘም ላለ ጊዜ ታየ። ለካ ካሜራውን ከሻንጣ ሳወጣ ሳላውቅ አስጀምሬው ኖሯል። የማስጀመሪያውና የማቆሚያው ቁልፍ አንድ ነው፤ ስለዚህ ልቅረጽ ብዬ ስጫን አቆመዋለሁ፣ ላቁም ብዬ ስጫን አስጀምረዋለሁ። ድንጋዩም፣ ሳቁም፣ ልቅሶውም የሉም።

ቀጥሎ ሌንሱ ተከድኖ ስክሪኑ ጠቆረ። ላጠፋው ስነሳ ከጨለማው ውስጥ የጋሽ ወልዴ ድምፅ መጣ።

«የሰርግሽን ቀሚስ ሰፍቼው ነበር።»

ከዚያ የእትዬ ዘነበች ድምፅ፤ «የት አለ?»

«ሳጥን ውስጥ። ወፈረች ባሉኝ ቁጥር ጎኑን ተርትሬ አሰፋዋለሁ።»

«ስንት ጊዜ አሰፋኸው?»

«አራት ጊዜ።»

«ወሬኞች። ሦስቴ ነው የወፈርኩት።»

ሰብለ አባቷን ዞራ አየቻቸው፤ ስለ ቀሚሱ ሰምታ አታውቅም። ጋሽ ወልዴ ተነሡ። «ይሄንን ለቴሌቪዥን አልተናገርኩም» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ካሴቱን ይዤ አብነት ሱቃቸው ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ማጥፋት ይቻላል?» አሉኝ።

«ይቻላል፣ አባባ።»

ካሴቱን አገላብጠው አዩትና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ተወው» አሉ።

ግንቦት ላይ፣ ለልደታ በዓል እትዬ ዘነበች እኛ ቤት መጡ። ጋሽ ወልዴ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ። ሰብለ ካሜራውን አስቀድማ ጎረቤት ደብቃዋለች። እትዬ ዘነበች ቀሚሱን ከልብሳቸው በላይ አጠለቁት፤ ጎኑ አልገጥም አለ። ጋሽ ወልዴ መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው፣ እህታቸው እግር ሥር ተንበርክከው ስፌቱን መተርተር ጀመሩ። እትዬ ዘነበች ሳቁ እንዳያመልጣቸው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ በእጃቸው የወንድማቸውን ራስ ይዳብሳሉ።

እኔ ባዶ እጄን ግድግዳ ተደግፌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቀሚስ አላየሁም። ማስረጃ ግን የለኝም።