ከኮፈን ሥር የተቆረጠ ማር

ትዳር የሚያቆመው ፍቅር ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። ሀብት ነው የሚሏችሁንም አትስሟቸው። ትዳር የሚያቆመው የሞተር ዘይት ነው! እኔ የእህቴን ልጅ የዳርኩት የሞተር ዘይት ልሼ ነው። አዎ… ልሼ። በዚሁ ምላሴ።

«ሰውዬው ደሞ ጀመረው» እያላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው ስለ በቅሎዬ የጻፍኩላችሁንም አላመናችሁም። በቅሎዋ እስካሁን ተቀይማችኋለች። ለማንኛውም ተቀመጡና ስሙኝ።

መኪና አለችኝ። መኪና ስላችሁ ቴሌቪዥን ላይ የምታዩትን ዓይነት እንዳታስቡ። ደብል ጋቢና ፒካፕ ናት፣ ስሟ እማሆይ። እማሆይ ያልኳት ዓለም በቃኝ ካለች ስለቆየች ነው። ከሌሎቹ እማሆዮች የምትለየው ስለምታጨስ ብቻ ነው። ማጨሱን እንኳ ችዬላት ነበር። ያስቸገረኝ ግሳቷ ነው።

ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ሲሠራ ሆዱ ንፋስ ይሞላል። ያ ንፋስ ዘይትም ውሃም አዝሎ በአንዲት ቱቦ ይወጣል። የሠሩት ብልሆች ታዲያ ምን አደረጉ? ቱቦዋን አዙረው ከሞተሩ አየር መሳቢያ ጋር አገናኟት። የራሱን ግሳት መልሶ ይማገው ብለው! እስቲ እናንተ ምሳ በልታችሁ ያገሳችሁትን መልሳችሁ ዋጡት… አያችሁ? ሞተሩም እንደዚያ ነው። ዘይቱ ጉሮሮው ላይ ይለጠፋል፣ ጥቀርሻ ይሠራል፣ እያደር ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ይሄን ማን አስተማረህ እንዳትሉኝ። እኔን የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ በማላውቀው ቋንቋ ሲለፈልፍ አየሁት። ቋንቋው አልገባኝም፤ እጁ ግን ገባኝ። ቱቦዋን መሃሏ ላይ ቆረጣትና የሚያብረቀርቅ ጣሳ ሰካባት። ንፋሱ በጣሳው አልፎ ይሄዳል፣ ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ይቀራል። በቃ። ይቺ ናት እንግዲህ ሥልጣኔ የሚሏት?

የሚያብረቀርቀው ጣሳ እኛ ጋ የለም። እኛ ጋ ያለው የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነው። የዋግ ሰው ሆኖ ይሄን ጣሳ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! እህል እንሰፍርበታለን፣ ውሃ እንቀዳበታለን፣ ማር እናስቀምጥበታለን። (ማር ያልኳችሁን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።) አንዱን አነሣሁና ሁለት ቦታ በሳሁት፤ ሆዱ ውስጥ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጎሰጎስኩበት። ሽቦውን ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ፣ ሚስቴም እስካሁን እየጠየቀች ነው። ክዳኑ አልገጥም ሲለኝ አፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠፈርኩት። ጣሳው ዘይት ይዞ ወደ አገራችን መጣ፤ በስተርጅናውም ዘይት ያዘ። ጡረታ ብሎ ነገር በኔ ቤት የለም!

መካኒኩ ሲሳይ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያየው፣

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ምሳዎን ነው የቋጠሩት?»

«የሞተር ጤና ነው።»

«ጤናውስ ይሁን፤ ቶሎ ቶሎ ካልደፉት ግን…»

«ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

አልደፋሁትም። በሰው ምክር የሠራሁት ነገር ኖሮኝ ስለማያውቅ ልምዱ የለኝም።

የደጋን ብርድ ታውቁታላችሁ። እማሆይ ደሞ ሥራዋ ከቤቴ ገበያ፣ ከገበያ ቤቴ ነው፤ በወጉ ሳይሞቃት ትቆማለች። ያልሞቀው ሞተር ትንፋሹ ውሃ ይበዛዋል። ውሃና ዘይት አንድ ጣሳ ገብተው በኛ መንገድ ሲናጡ ምን ይወጣቸዋል? ነጭ! ድፍን ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሲያዩት ምራቅ የሚያስውጥ ነጭ። ሌላ አገር ቢሆን በዚህ የሚሳሳት ሰው አይገኝም፤ የሌላው አገር ማር ቢጫ ነው። የኛ የሰቆጣ ማር ግን እንደ ቅቤ ነጭ ነው… ነገሩ ገባችሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። የእህቴ ልጅ ንጉሤ ለምለም የምትባል የሰቆጣ ዙሪያ ልጅ ወደደ። ልጅቱም ወደደችው። አባቷ አያ ወልዱ ግን ማንንም አልወደዱም። አያ ወልዱ ባለ ብዙ ቀፎ ናቸው፤ የአገሩ ሁሉ የማር ዳኛ። ጣታቸውን ነክረው ይልሱና ማሩ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ፣ ንቡ የቀሰመው ምን አበባ እንደሆነ ይናገራሉ። የንቡን የክርስትና ስም ብቻ ነው የማይነግሯችሁ። ሽማግሌ ሲላክባቸውም እንደዚያው ናቸው፤ ገና በር ላይ ያጣጥሙና ይመልሱታል። ከኛ በፊት የሄዱትን ሁለቴ መልሰዋል።

ንጉሤም ጨርቁን ጠቅልሎ ሻንጣውን አሰረ። «ካልሰጡኝ በአፋር በረሃ አድርጌ ወደ ዓረብ አገር እሄዳለሁ» አለ። ቀልድ አልነበረም። ከሰፈራችን በዚያው የወጡ ልጆች አሉ። ገሚሱ ይደውላል። ገሚሱ አይደውልም፤ እናቶቹ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ።

እህቴ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «ወንድምዓለም፣ ካፍህ ማር ይፈሳል ይሉሃል። ሂድና ልጄን አስቀርልኝ» አለችኝ። ከአፌ የሚፈሰውን ነው ያየችው፤ ወደ አፌ የሚገባውን ማን አይቶት!

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነን ወጣን። ዋናው ሽማግሌ አያ ኪሮስ ናቸው፤ እሳቸው ቀን ሙሉ ዝም ብለው ይቆዩና በአንዲት ቃል ሙግት ይረታሉ። ሁለተኛው ቄስ ፈንታ። ሦስተኛው ሽማግሌም ሾፌሩም እኔ ነኝ። እጃችን ባዶ ነው፤ ለልመና የሚሄድ ሽማግሌ ወጉ እንደዚያው ነው።

ዳገቱን ስንጨርስ እማሆይ ፈላች። ልክ አያ ወልዱ ደጃፍ! መኪና የቆመበት ሰፈር ደሞ ሕዝብ አያጣም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከያለበት ወጣ። አያ ወልዱም ብቅ አሉ።

«ግቡ እንጂ።»

«አንገባም» አሉ አያ ኪሮስ።

«ውሃ ቅመሱ።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም እህል ውሃ አንቀምስም።»

«እንግዲያው ብርዱን ቅመሱ» ብለው አያ ወልዱ ፊታቸውን አዞሩ። ሦስተኛዋ መመለስ መጣች ማለት ነው። የንጉሤ ሻንጣ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች።

እኔ ለእማሆይ ውሃ ላጠጣ ኮፈኑን ከፈትኩ። እውነቱን ልንገራችሁ? እግረ መንገዴን ሕዝቡ ፈጠራዬን ቢያይልኝ ብዬም ነው። አያ ወልዱ በቆሙበት ወደ መኪናዋ ሆድ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። የዘይት ጣሳ። አፉ በነጠላ የታሰረ። በነጠላው ዳር ደሞ ነጭ ነገር ተፍ ብሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አፌን ስከፍት ፊታቸው ሲፈካ አየሁት።

«ከሰው ዓይን ሸሽገህ! እንዴት ያለ ወግ አዋቂ ነህ አንተ ሰው! የዛሬ ሰው ማር በላስቲክ አንጠልጥሎ ነው ገበያ ለገበያ የሚዞረው። እንዲህ ተሸፍኖ፣ ተሸሽጎ ሲመጣ ካየሁ ስንት ዘመኔ!»

እውነት ነው፣ እኛ ጋ ማር ተሸፍኖ ነው የሚሄደው። ዓይን አለ፣ ቡዳ አለ። ቢሆንም ኮፈን ሥር የሸሸገ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«የለም አያ፣ ይሄ እንኳ የሞተሩ…» ስል አያ ኪሮስ በከዘራቸው የእግሬን አውራ ጣት ተጫኑት። ከዘራቸው ጫፉ ብረት ነው። ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ዝንቡስ አልገባም፤ የገባውን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

አያ ወልዱ ነጠላውን ፈቱት። ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ሳልጠይቃቸው አገሩን ልንገራችሁ!» ብለው ሌባ ጣታቸውን እስከ አንጓው ነከሩት። ቄስ ፈንታ አማተቡ።

ላሱ።

ጎበዝ፣ የሰው ፊት እንደ ሰማይ ሲደምን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቅንድባቸው ወረደ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። አይተፉት ነገር ጎረቤቱ ሁሉ ከንፈራቸውን እያየ ነው። አይውጡት ነገር… ዋጡት! የማር ዳኛ እንዴት ይተፋል?

ባለቤታቸው እማማ ዘነቡ ከበሩ ላይ ሆነው፣

«እህሳ ወልዱ፣ የየት ነው?»

«ይሄ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «የ… የሰሃላ ነው።»

ሰሃላዎች ይቅር በሉን! መኪና እንኳ በወጉ በማይገባበት አገራችሁ የሞተር ዘይት ጋገራችሁ ተባለ።

«ምን አበባ?»

«ሬት!»

ሕዝቡ «ወይ እውቀት!» ብሎ አደነቀ። አያ ወልዱ ቀስ ብለው ወደኛ ዞሩ። ያን ዓይን ነብር ላይ እንኳ አላየሁትም። ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ይሰድቡን ነበር። በአደባባይ ግን ፈገግ አሉና፣

«ሽማግሎች፣ ብቻዬን ልሼ አይሆንም። ኑ፣ ቅመሱ!»

አለቅን። ብንቀምስ መመረዝ፣ ባንቀምስ መዋረድ። «ዘይት ነው» ብንል ሰውዬውን በአገራቸው ፊት ገድለናቸው ንጉሤን በረሃ ላክነው። አያ ኪሮስ ግን ከዘራቸውን ተከል አደረጉና ቀስ ብለው፣

«እንዴት ተደርጎ አያ ወልዱ? ልጅቱን ሳይሰጡን እህል ውሃ አንቀምስም ብለናል። ወግ እናፍርስ እንዴ?»

አያ ወልዱ ጣሳውን አዩ። እኛን አዩ። ሕዝቡን አዩ። ጢማቸው ላይ የቀረችዋን ነጭ ነገር በእጃቸው ጀርባ ጠረጓት። ወግ የያዘውን ሰው ወግ እንጂ ምን ያስለቅቀዋል! ካልሰጡን ብቻቸውን እንደላሱ መቅረታቸው ነው። ከሰጡን ደሞ…

«ሰጥቻለሁ!» ብለው ጮኹ። «ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ፣ አገር ይስማ! አሁን ቅመሱ!»

እማማ ዘነቡ እልልታቸውን አቀለጡት። ለምለም ከጓዳ ስትስቅ ተሰማኝ።

ቄስ ፈንታ ቀደም አሉ። «ነገ ቀዳሽ ነኝ። ከአሁን ወዲያ በአፌ ምንም አይዞር።» እውነታቸውን ነው፣ ምን ይባላሉ።

አያ ኪሮስ ቀጠሉ። «እኔን ሐኪሙ ማር ከልክሎኛል። ስኳር አለብኝ።» ስኳሩ የያዛቸው እዚያው ቆመው ሳለ ነው።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? ሁለቱ ብልሆች ማልቀሱን እንኳ ትተው ሳቃቸውን ይዘዋል። የፈጠረው ይቅመሰው ነው ነገሩ! የእህቴን ዓይን አሰብኩ፣ የታሰረችውን ሻንጣ አሰብኩ… ነከርኩ፣ ላስኩ።

ጣዕሙን ልንገራችሁ? የተቃጠለ ጎማ በብረት ምጣድ ጠብሳችሁ፣ የረጋ ላምባ አጉርሳችሁ፣ ከላይ የአሮጌ ሳንቲም ዝገት ነስንሱበት። ሦስት ቀን ሙሉ ሳገሳ እንደ እማሆይ ጭስ የማወጣ ይመስለኝ ነበር። ሚስቴ ክብሪት አጠገቤ እንዳይጫር ከለከለች።

«እህሳ፣ እንዴት ነው?» አሉኝ አያ ወልዱ፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

«አባቴ» አልኳቸው እንባዬ እየፈሰሰ፣ «ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ማር ቀምሼ አላውቅም።»

ውሸት አለው? የለውም።

ያን ዕለት ገብተን፣ ከቄስ ፈንታ በቀር፣ በላን፣ ጠጣን። ስንወጣ አያ ወልዱ እስከ መኪናዋ ሸኙኝ። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አሉና ሰው እንዳይሰማ አድርገው፣

«ስማ አንተ። ቀፎዋን ቶሎ ቶሎ ቁረጣት። ማር ካልተቆረጠ ይሻግታል» አሉኝ።

መካኒኩ ሲሳይ ሲነግረኝ ያልሰማሁትን ያን ጊዜ ሰማሁ። ዛሬ ጣሳዬን በየሳምንቱ እደፋለሁ። የእማሆይ ጭስ ቀንሷል፣ ዳገት ላይ ማቃሰቷንም ትታለች። ንጉሤና ለምለም ተጋብተው ሰቆጣ ሱቅ ከፍተዋል፤ ያቺ ሻንጣ አሁን የለምለም ቀሚስ ነው ያለባት። እህቴም ስልክ ሲጮህ አትደነግጥም።

አላመናችሁኝም አይደል? መንገዱ ያው፤ ሂዱና አያ ወልዱን ጠይቋቸው። ማር ነው ይሏችኋል፣ የሰሃላ ማር፣ የሬት አበባ። ጎረቤቱን ጠይቁ፣ አገር ምስክር ነው። ቄስ ፈንታንም ጠይቁ፣ ቄስ አይዋሽም። ብቻ አንድ ነገር አደራ… አያ ወልዱ ጣሳ ይዘው «እስቲ ቅመሱ» ካሏችሁ፣ ነገ ቀዳሽ ነን በሉ።