አንድ ሰው ለማሳለፍ ስንት አለቃ ይበቃል?

የጦር ማዕረጎቻችንን ልብ ብላችሁ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ እያለ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። አንድ አለቃ የሚባል ማዕረግ ግን የለም። ለአንድ ሰው ብቻ ብሎ የተሾመ እስካሁን አላየሁም።

ይህን ያሰብኩት ጉደርና አምቦ መሃል፣ መንገዱ ላይ የተወጠረ ገመድ ፊት ቆሜ ነው። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፤ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት በኋላ ባጃጅ አይንቀሳቀስም። ጎረቤቴ ኦቦ ቶላሳ ደረታቸውን ይዘው ባጃጁ ውስጥ ያቃስታሉ። ባለቤታቸው አዴ ሎሚ ደግፈዋቸዋል። ሆስፒታሉ ያለው አምቦ ነው።

ኬላውን የሚመራውን አስር አለቃ የጉደር ሰው ይወደዋል። ወታደሮቹ ሳይበሉ አይበላም፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። በዚያው ሰሞን ምጥ የያዛትን ሴት ገመዱን በገዛ እጁ አንስቶ አሳልፏት ነበር። እናትም ልጅም ተረፉ። እሱ ግን «ሳታስፈቅድ» ተብሎ በጓዶቹ ፊት ልክ ልኩን ተነገረው። ስለዚህ አሁን እንደ ተማረው ደወለ።

መቶ አለቃው ሻምበሉን ልጠይቅ አለ፣ ሻምበሉ ደግሞ ሻለቃውን። ሻለቃው፣ ኮሎኔሉ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ሲወጡ ይነገራቸዋል አለ። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር ኋላ ሰማሁ፤ ስለ አመራር ብቃት ነው አሉ። የበታች አዛዥ ፈጥኖ ይወስናል፣ መካከለኛው ያስተባብራል፣ የበላዩ አርቆ ያያል። ነገሩ ሸጋ ነው፣ እኔ ምን ወጣኝ ብዬ እተቸዋለሁ? ችግሩ እኛ ከአዳራሹ ትንሽ ራቅ ብለን መታመማችን ነው።

አስር አለቃው ኦቦ ቶላሳን ከኮዳው ውሃ ሊያጠጣቸው ሞከረ። ደጋግሞ ወደ ገመዱ ይሄዳል፣ ይነካዋል፣ ተመልሶ ስልኩን ያያል። ጠላሁት። ከአዛዦቹ ሁሉ ፊቱን ማየት የቻልኩት የእሱን ብቻ ስለነበረ ይሆናል፤ ግን እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ኦቦ ቶላሳ ማቃሰታቸውን ተዉ። አዴ ሎሚ ዓይናቸውን ከደኑላቸው፤ ሹፌሩም ባጃጁን ወደ ጉደር አዞረ። ስልኩ የጠራው ይሄኔ ነው። አስር አለቃው አዳምጦ ገመዱን አነሳና ወደ እኛ መጣ።

«ተፈቅዷል፣ እናቴ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አዴ ሎሚ ነጠላቸውን በባላቸው ፊት ላይ እያለበሱ ዝግ ብለው መለሱለት።

«ገላቶሚ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንቸኩልም በላቸው።»