የወይዘሮ ዶሮቲ መንገድ

ሰው ቤት ሲገዛ መኝታ ክፍሉን ይቆጥራል፤ ጓዳውን ከፍቶ ያያል፤ ከመስኮቱ ምን እንደሚታይ ይጠይቃል። ከቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ በማን መሬት በኩል እንደሚሄድ የጠየቀ ግን እስካሁን አላየሁም። እናንተም አልጠየቃችሁም፤ አትዋሹኝ።

ወዳጄ ጌታሁንም አልጠየቀም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሁላችንም እዚህ አሜሪካ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አካባቢ አፓርታማ ውስጥ ተፋፍገን ስንኖር፣ እሱ ቀድሞን ኦክላንድ ኮረብታ ላይ ቤት ገዛ። በሁለተኛው ዓመት ግቢው ውስጥ የተቀበረው የፍሳሽ ጉድጓድ ተደረመሰ። የከተማው ሰዎች መጥተው አዩና፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ከዋናው የፍሳሽ መስመር ካልተገናኘ ቤቱ ውስጥ መኖር እንደማይችል የሚገልጽ ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉ። ዋናው መስመር ቅርብ ነው፤ በመሃል ያለው አንድ የግል መንገድ ብቻ ነው። የመንገዱ ባለቤት ወይዘሮ ዶሮቲ የሚባሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰማንያን የዘለሉ አሜሪካዊት ናቸው። ቧንቧው በመንገዳቸው ሥር እንዲያልፍ እሳቸው መፈረም አለባቸው።

ጌታሁን ምን አደረገ? በጠበቃ ደብዳቤ ላከ። መልስ የለም። ሌላ ላከ። አሁንም ዝም። ቀኑ እየገፋ ሲመጣ ሚስቱ ዕቃ በካርቶን ማሸግ ጀመረች። ሲጨንቀው አቶ በየነ ዘንድ መጣ። አቶ በየነ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ የሁላችንም አስታራቂ ናቸው።

«ጋሼ፣ ጠበቃው ሱ እናድርጋት እያለኝ ነው።»

«ጎረቤትህን ከምትከስ ሽማግሌ ላክ» አሉት።

እናም አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ በየነ፣ ከሳን ሆዜ የመጣ አንድ ፓስተርና ከወደብ ኮንቴይነር በከባድ መኪና የምጎትተው እኔ፣ ሱፍ ለብሰን፣ ከረባት አስረን በራቸው ላይ ተገኘን። ጌታሁንን እንደ ወጉ ከኮረብታው ሥር መኪናው ውስጥ ትተነዋል።

ወይዘሮ ዶሮቲ አስገቡንና ተቀመጡ አሉን። አቶ በየነ ጎንበስ ብለው፣ «ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ፤ እኔ ተረጎምኩ። ይህ እንግዲህ ልጃገረድ ስንጠይቅ የምናደርገው ነው፤ ለፍሳሽ ቧንቧ ይሠራ አይሠራ እንደሆን ያሰበበት የለም። ወይዘሮዋም ለካ ወግ የሚያውቁ ሰው ኖረዋል፤ እንግዳ ቆሞ እንዴት ይቀመጡ? ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። የአቶ በየነ ጉልበት ከድሮም ደህና አይደለም። የወይዘሮዋም እግር ይንቀጠቀጣል። እኔ ስለ ጉርብትና የሚባለውን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጥኩ፣ ቀድሞ የሚወድቀው ማን ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ።

ሰምተው ሲጨርሱ ቀስ ብለው ወደ መሳቢያቸው ሄዱና ወረቀት አውጥተው ሰጡን። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር የተላከው ውል ነው። ተፈርሟል። በመንገዱ ሥር የማለፍ መብቱ ለጌታሁን፣ ከእሱም በኋላ ቤቱን ለሚይዝ ሁሉ፣ ለዘለዓለም ይላል። የተፈረመበት ቀን ደብዳቤው በደረሳቸው ማግስት ነው።

«ታዲያ ለምን አልላኩትም?» አልኳቸው።

«ደብዳቤው ፈርሚ ብሎ አዘዘኝ እንጂ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚጠይቅ ሲመጣ ልሰጠው አስቀመጥኩት። መንገዱን የሠራው ባሌ ነው፤ የጎረቤት ውሃ አይከለከልም ይል ነበር።»

አቶ በየነ በስንዝር ድንበር የተጋደሉ ወንድማማቾችን ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው። «ለዘለዓለም» የሚለውን ሁለቴ አስተረጎሙኝና ወንበር ፈልገው ቁጭ አሉ። እኔም ያን ያህል የተደነቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኛ አገር ሰው መሬቱን እንዲህ አይሰጥም፤ እዚህም ይሰጣል ብሎ የነገረኝ የለም።

ታች ስንወርድ ጌታሁን ሞተሩን አስነስቶ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ «እንዴት አሳመናችኋት?» አለ።

አቶ በየነ ከረባታቸውን ላላ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ። «በስንት ልመና» አሉ።

ሽማግሌ ሽማግሌን አያጋልጥምና እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ፓስተሩ ሰማይ ሰማዩን አየ። ጌታሁን ግን ወረቀቱን እያነበበ ነው። ፊርማው ሥር ያለው ቀን ላይ ሲደርስ ጣቱን እዚያው አሳርፎ ቆየ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ፊት ሲያልፍ አንድ ቀን አንኳኩቶ አያውቅም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ዳገቱን በእግሩ ወጣ።