ዋዛ ነው የጠራኝ

እግዚአብሔር ሰው የሚጠራው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው። አብርሃምን በሰባ አምስት ዓመቱ ጓዝህን ጠቅልል አለው፤ ሙሴን ሰማንያ እስኪሞላው ጠብቆ ፈርዖን ጋ ላከው። እኔም በሃያ ዓመቴ ከሆሳዕና ሶዶ በእግርሽ ሂጂ ብባል ነጠላዬን አጣፍቼ እነሳ ነበር፤ ያኔ የጠራኝ የለም። ስልሳን አልፌ፣ ከእንግሊዝኛ አስተማሪነት ጡረታ ወጥቼ፣ ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ የሰፈሩን አየር የማደንቅ ሴት ስሆን ግን... ጥሪ መጣ። ለዚያውም ወደ ጆሃንስበርግ።

የመጣው በሕልም ነው። ማታ ክትፎ በልቼ እንደነበር አልደብቃችሁም። ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ከብረት ፍርግርግ ማዶ ቆማ፣ በእጇ እየጠቀሰችኝ "ዋዛ፣ ዋዛ" ትለኛለች። ላብ አጥምቆኝ ነቃሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ብነግራቸው ተመካክረው "ጌታ ነገሩ ዋዛ እንዳይመስልሽ እያለሽ ነው" ብለው ፈቱልኝ። በብረት ፍርግርግ የሚሸጥ ሱቅ ያለው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ታምራት ነው። ሆሳዕና ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ስለዚህ አቅጣጫው ብዙ አላከራከረም።

ባለቤቴ ላምቦሬ ግን የራሱ ፍቺ ነበረው።

"ሴትዮዋ ራሷ ዋዛ ነው ብላሻለች። ከዚህ በላይ ምን ትንገርሽ?"

"ጥሪ ነው" አልኩት።

"ሚስኮል ነው። ተሳስቶ የተደወለ። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የተባለው ላንቺ ነው።"

ስንነታረክ ከርመን በመጨረሻ ተስማማን። ጥሪው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ላምቦሬ ዕድሜ ልኩን አፉን ይዘጋል። ካልሆነ ደግሞ እኔ ተመልሼ፣ ጋቢ አልብሶ በመዝሙር በሸኘኝ ጉባኤ ፊት ቆሜ "ሳልጠራ ነው የሄድኩት" ብዬ እናገራለሁ። የእኛን ጉባኤ አታውቁትም። ከፊት ወንበር የሚቀመጡትን እናቶች ዓይን ከማይ የሊምፖፖን ወንዝ በእግሬ ብሻገር ይሻለኛል።

ሄድኩ። ታምራት የሚኖርበትን የዮቪልን ሰፈር እንኳ በቅጡ ሳልለምድ ኮሮና ገባና አገሩ ተዘጋ። አየር ማረፊያው ተዘጋ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ባሕር ማዶ ወንጌል ልሰብክ የመጣሁት ሴትዮ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ የምመላለስ ሆንኩ። ላምቦሬ ጠዋት ጠዋት ይደውላል።

"ዛሬስ ታምራት አየሽ?"

"አየሁ" እላለሁ፤ "ቁርሱን እየበላ ነው።"

ለምግብ ሱቆች ብቻ ተፈቅዶ ስለነበር ታምራት ሶዌቶ ወዳለው ስፓዛው ይዞኝ ሄደ። ስፓዛ ማለት የእኛው የሰፈር ኪዮስክ ናት፤ ዳቦውም ዘይቱም የስልክ ካርዱም በብረት ፍርግርግ በኩል የሚሸጥባት። ፍርግርጉን ሳየው ልቤ ዘለለ። በሕልሜ ያየሁት ይኸው ነው።

"አክስቴ" አለኝ ታምራት፣ "ከጓሮ ዕቃ እስካስገባ መስኮቱ ላይ ተቀመጪልኝ። ሰው ሲመጣ 'ሳውቦና' በይ፣ ሰላምታ ነው። ሌላ ነገር አትናገሪ።"

"ወንጌሉስ?"

"እሱ ማስክ ሲወልቅ ይደርሳል።"

ውጪ ደንበኛው በኖራ በተሰመሩ ክቦች ውስጥ ተራርቆ ቆሟል። ፖሊሶች ቀደም ብለው መጥተው "ሰው ተጠጋግቶ ብናገኝ ሱቅህን እናሽጋለን" ብለውት ስለነበር ታምራት ክቦቹን በየማለዳው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያድሳቸዋል። እኔም ሳውቦናዬን እያልኩ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ታምራት የበቆሎ ዱቄት ተሸክሞ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ እያፏጨ ገባ።

"ማስክህን አስተካክል" አልኩት።

"ተይ እንጂ አክስቴ፤ በርበሬ በልቶ ያደገን ሰው ኮሮና ምን ያደርገዋል?"

ደሜ ፈላ። ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ያስተማረች ሴት ስትቆጣ ደግሞ ማስክ ድምፅዋን አይችለውም።

"ይሄ በሽታ ዋዛ መሰለህ? ዋዛ ፈዛዛህን ተው! ዋዛ! ዋዛ አልኩህ!"

ዞር ስል ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ ክቡን ጥሎ ወደ መስኮቱ ይተማል። ከፊት ከፊት የምትመጣው ሴት... ቢጫ ሻሽ አስራለች! መንፈስ ቅዱስ በሶዌቶ ወረደ ብዬ እጄን ወደ ላይ አንስቼ "ሃሌሉያ!" ስል፣ ከውጪ ባንድ አፍ "አሜን" አሉ። ባለ ሻሿ እናት መዝሙር አነሱ፤ ሌላው በአራት ድምፅ ተቀበላቸው። የእኛ መዘምራን ዓመት ሙሉ ተለማምደው የማይደርሱበትን ነገር እነዚህ ዳቦ ሊገዙ ቆመው ያወርዱታል። እንግዲህ ይታያችሁ፣ እነሱን ነው ላድን የመጣሁት።

የፖሊስ መኪና ከች ያለው ይኼኔ ነው። አንድ ግዙፍ ፖሊስ ወርዶ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

"እነዚህን ሰዎች ማነው የጠራቸው?"

ታምራት፣ አሳድጌው፣ አስተምሬው፣ ያለ አንዳች ማመንታት ወደኔ ጠቆመ። "ጎጎ ናት" አለ። ጎጎ አያት ማለት ነው፤ እሱንም አልረሳለትም።

"እኔ ማንንም አልጠራሁም" አልኩ። "የተጠራሁት እኔ ነኝ።"

"ማን ጠራሽ?"

ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ። ፖሊሱ ቀና ብሎ አየ።

"እሷ ናት የጠራችን" አሉ ባለ ሻሿ፤ ማማ ታንዲ ይባላሉ። "ጎጎ 'ዎዛ' ብላ ስትጣራ እንዴት ዝም እንላለን? ምናልባት ታማ ይሆናል ብለን ሮጥን።"

"ዎዛ ብለሽ ነበር?" አለኝ ፖሊሱ።

"ዋዛ ነው ያልኩት። በእኛ ቋንቋ ቀልድ ማለት ነው።"

"ስለዚህ እየቀለድሽ ነበር?"

"የለም፤ ቀልድ አይደለም እያልኩ ነበር።"

ፖሊሱ ማስኩን ከፍ አደረገ። ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውየው እየሳቀ ነው።

"በእኛ ቋንቋ" አለኝ፣ "ዎዛ ማለት 'ነይ' ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሰዉን ወደየክቡ መልሶ፣ ታምራትን ማስኩን አስደርጎ፣ ሱቁን ሳያሽግ ሄደ። እኔ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ያቺ ሴት ነይ ነው ስትለኝ የኖረችው! ሽማግሌዎቹም ላምቦሬም በአማርኛ ሲተነትኑት የከረሙት ቃል አማርኛ አልነበረም። እንባዬን ጠርጌ ሕልሙን ለታምራት ነገርኩት።

ይህ ልጅ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አክስቴ፣ ስንት ዓመት ከዚህ ሱቅ ስደውልልሽ? ከኋላዬ የሚንጫጫው ሰው ሁሉ 'ዎዛ' ሲባባል ነው የሚውለው። በስልክ ጆሮሽ የገባው ነው በእንቅልፍሽ የወጣው።"

ደስታዬ እንደ ጉም በነነ። ታዲያ የጠራኝ እግዚአብሔር ነው ወይስ የታምራት ስልክ? ጉባኤው፣ ጋቢው፣ የፊት ወንበር እናቶች... ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። ውሸት አልችልበትምና ለላምቦሬ ደውዬ፣ የታምራትንም ትንታኔ ሳላስቀር፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። መሳቁን ጠበቅሁ፤ አልሳቀም።

"እኔስ ምን አልኩሽ፣ ሚስኮል ነው" አለ። ድምፁ ግን የድል ድምፅ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ "ሽሮው አርሮብኝ ድስቱን ሳፍቅ ነው ያገኘሽኝ" አለ። ድስቱን ሲያስቀምጥ ተሰማኝ። "ቤቱ ጭር ብሏል አንቺ ሴትዮ።"

ናፍቆኛል። እሱ ከሚያውቀው በላይ ናፍቆኛል።

"ዎዛ" አልኩት።

"ዋዛሽን ነው የምርሽን?"

"መንገድ ሲከፈት ነዋ። ዎዛ።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"አብርሃም ሰባ አምስት ነበር፤ አንተ ገና ነህ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ዕድሜውን ስለነካሁበት ነው ብዬ ራሴን ስረግም፣ ስልኬ አንዴ ጠርታ ጸጥ አለች። አየሁት፤ ላምቦሬ ነው። ሚስኮል።

መቼም እናንተም ያገሬ ሰዎች ናችሁና ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ዘንድ ሚስኮል ተሳስቶ የተደወለ ማለት አይደለም። "አስቤሻለሁ፣ ሂሳቡ በአንቺ ይሁንና ደውይልኝ" ማለት ነው። ከሰማይም ይምጣ ከታምራት ሱቅ፣ የእኔም ጥሪ እንደዚያው ነበረ፤ እኔ መልሼ ደወልኩ እንጂ ምን አጠፋሁ?

ለላምቦሬም መልሼ ደወልኩለት።

"አቤት" አለኝ።