የማያውቁኝ ሦስት ምስክሮች

ትናንት ሕልም አየሁ። አየሁ ከማለት ሰማሁ ብል ይሻላል፤ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ጧ! ጧ! ጧ! በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ማኅተም ይመታል። ቀስ እያለ ብርሃን ሲሆን ቀበሌያችን ሆኖ አገኘሁት። ሠራተኞቹ መዝገባቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጡት ደግሞ ባለጉዳዮች ናቸው። ማኅተሙ የሚያርፈው በሠራተኞቹ ግንባር ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ከንጋት ጀምሬ ነው የቆምኩት» አለ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ።

«ሲስተም የለም፤ ነገ ና!» አሉት ጎመን ሻጯ እትዬ ውድነሽ ጥርሳቸውን እየፋቁ።

እኔን የወሰደኝ የመታወቂያ ጉዳይ ነው። የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ረዳት ሊቀጥር ነው፤ ምዝገባው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ማንንም አይመዘግቡም።

«ምን ችግር አለው!» አሉኝ እትዬ ውድነሽ። «የማያውቁህ ሦስት ምስክሮች አምጣ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። በማያውቀኝ ሰው ብዛት ከዚህ ከተማ ማን ይተካከለኛል! ግን ብወጣ መንገዱ ጭር ብሏል። አጥሩ ጥግ ቁጭ ብለው የሚነታረኩ ሦስት ፈላስፎች ብቻ አገኘሁ፦ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ፣ አንሶላ ያጣፋ ባዶ እግሩን የሆነ ግሪካዊ፤ በነገሥታቱ ዘመን የኖረ ሰው ሠራሽ ፀጉር የደፋ ፈረንጅ፤ ሦስተኛው ገና ያልተወለደ ነው፤ ከወገቡ በታች አይታይም።

እየጎተትኩ አስገባኋቸው።

«ይህን ልጅ አታውቁትም አይደል?» አሉ እትዬ ውድነሽ።

ግሪካዊው ጢሙን አሻሸ። «እንደማላውቀው በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ ላጥናው። ሠላሳ ዓመት ይበቃኛል።»

«ኧረ በእግዜር! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል!» አልኩ።

«ሰዓት ምንድን ነው?» አለኝ።

ፈረንጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እጠራጠራለሁ። የልጁን መኖር፣ የእርስዎን መኖር፣ የጎመንዎንም መኖር።»

«ጎመኔን ይተዉልኝ!» ብለው ጮኹ እትዬ ውድነሽ። «ዛሬ ጠዋት የተቀነጠሰ ነው!»

«እኔ በእውነት አላውቀውም» አለ ያልተወለደው። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ቀጠለ፤ «ግን ቃሌ የሚጸናው ስወለድ ነው። እናቴ ገና አላገባችም።»

«አባትህስ?» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«እሱም ይጠራጠራል።»

ግሪካዊው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ራስህን ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ይኸው አንድ ምስክር!» ብለው እትዬ ውድነሽ ማኅተሙን አነሡ። ወደ ግንባሬ ሲወርድ አንድ እጅ ትከሻዬን ናጠኝ።

«ወንድም፣ ተራህ ደርሷል! እዚህ ነው እንዴ የሚተኛው?»

የእውነቱ ቀበሌ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ የሚያውቁኝ ሦስት ምስክሮች ትፈልጋለች። አከራዬ ፈርመዋል፤ ባለሱቁም ፈርሟል። የቀሩት ለምኜ ያመጣኋቸው ጋሽ ድልነሳ ናቸው፤ ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተናል።

«አባባ፣ ይህን ልጅ በደንብ ያውቁታል?»

ጋሽ ድልነሳ እስክሪብቶውን እንደያዙ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ። ይለዩኝ እንደሆነ ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እንደገና አዩኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ አድርገው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጥተው ሄዱ።